ተደፍቶ የኖረው ኩባያ

እሁድ ጠዋት እትዬ የቡፌውን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ሲሰጧት፣ ድንቢጥ መጀመሪያ የመሰላት ሴትየዋን ያመማቸው ነው። ያ ቁልፍ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ሲተኙ አብሯቸው ይተኛል፣ ሲታጠቡ አብሯቸው ይታጠባል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ የዚያን ያህል አልተጠጓቸውም እየተባለ ይቀለዳል፤ እሳቸው በሌሉበት ነው ታዲያ።

የሻዩን ጠረጴዛ ዛሬ አንቺ ነሽ የምታሰናጂው አሏት። ከሰዓት በኋላ የቤቱ የድሮ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ከጥርስ ሐኪሟ ልጃቸው ጋር ይመጣሉ። ታላቋ ምራትም አለች፤ ባሏ፣ የእትዬ የመጀመሪያ ልጅ፣ ለሥራ ሩቅ ስለሄደ ብቻዋን ናት። በጠቅላላው ስድስት ሰው ነን አሉ።

ድንቢጥ በጣቷ ቆጠረች። እትዬ፣ ትንሹ ልጃቸው ፋርማሲስቱ፣ ታላቋ ምራት፣ ዳኛው፣ የዳኛው ልጅ። ስድስተኛውን ከየት ላምጣው ብላ ስታስብ እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ስድስተኛዋ አንቺ ነሽ። የሟቿን ልጄን ኩባያ አውርጂና አቃኚው።"

ቁልፉ ከድንቢጥ እጅ ወደቀ።

በዚህ ቤት ኩባያ ዝም ብሎ ኩባያ አይደለም። ሌላው ሰው ዘሩን በስም ይቆጥራል፣ እነሱ በሻይ ኩባያ ይቆጥራሉ። ከቅድመ አያት የወረዱ፣ አፋቸው በቀጭን ወርቃማ መስመር የተከበበ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አበባ የተሳለባቸው ኩባያዎች ናቸው። ለአንድ ሰው አንድ አበባ። ሰውየው ሲሞት ኩባያው ይታጠብና ቡፌው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ይደፋል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠጣበትም። የሚቃናው ለቤቱ አዲስ ሰው ሲገባ ብቻ ነው፤ ያውም መጥቶ ለሚሄድ ሳይሆን ገብቶ ለሚቀር። ታላቋ ምራት ያገባች ጊዜ የእትዬ ባል እናት ኩባያ ተቃናላት። ሠርጓን ረስታዋለች፣ ያቺን ኩባያ ግን እስከ ዛሬ ታወራላታለች። እንግዳ ከሆነ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ አበባ በሌለው ነጭ ኩባያ ነው የሚጠጣው። ለድንቢጥ ነጩም አልደረሳት። የእሷ ብርጭቆ ነው፤ እሱንም ወጥ ቤት ቆማ።

እናቷ የዚህ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች። እናቲቱ ስትሞት ሕፃኗ ባለቤቱ ሳይወስደው እንደቀረ ልብስ እዚያው ቀረች። በዚያው ሰሞን የእትዬ አንዲት ሴት ልጅ በትኩሳት ሞታ ነበርና፣ እትዬ የሟቿን ጫማ ለድንቢጥ አጠለቁላት፣ በሟቿ ማበጠሪያ ፀጉሯን አበጠሩላት፣ ፊደልም አስቆጠሯት። "ልጄ" ብለው ግን ጠርተዋት አያውቁም። ደመወዝ እንዳትጠይቅ ልጅ ናት፣ ወንበር ስባ እንዳትቀመጥ ሠራተኛ ናት። እንዲህ ሆና ሃያ ዓመት አለፋት።

እና ዛሬ ያ ኩባያ ለእሷ ይቃና ተባለ። ለምን እንደሆነ ድንቢጥ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እሷ ታውቃለች። ወይም የምታውቅ መስሏታል፤ ሁለቱ ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ፋርማሲስቱ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ነው። ገና በልጅነቱ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ለእረፍት ብቻ ብቅ ይል የነበረ ልጅ ነው። መጥቶ የአባቱን ፋርማሲ ሲረከብ ምሳ የምታደርስለት ድንቢጥ ሆነች። ሳህኑን ይዛ በጓሮ በር ትገባለች። የኋላው ክፍል ጠባብ ነው፤ ቡናማ ጠርሙሶች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ ትንሽ ሚዛን አለች፣ አንድ ወንበር አለ። አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ስለማይበቃ ተያይተው ይቆማሉ። ሲቆሙ ምሳው ይበርዳል። ምሳው እየበረደ ልባቸው ሞቀ፤ ሌላ ምን ይባላል።

የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፍላት በኪኒን ማሸጊያ ወረቀት ላይ ነበር። "ጠዋት፣ ቀንና ማታ፣ ከምግብ በኋላ አስቢኝ" ብሎ ይጽፋል። እሷም ስሙን ለውጣ ኪኒን አለችው። አንድ ቀን መልስ ጻፈችለት፤ "ከምግብ በፊትም እያሰብኩህ ነው፣ መጠኑ በዛ፣ ሐኪም ይጠየቅ" አለችው። ያን ቀን ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ቆሞ እየጠበቀ እሱ ኋላ ሆኖ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ከዚያም እጇን ይዞ፣ ለእናቱ እንደሚነግር፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር መግባቷ እንደሚያበቃ ቃል ገባላት። ድንቢጥ ቃሉን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ ባዶ ሳህኑን መንገድ ላይ ረስታው መጣች።

ሐሙስ ዕለት ነው በኮሪደሩ ሲያልፍ "ነግሬያታለሁ" ያላት። ምን አሉ ብላ ሳትጠይቀው እትዬ ከመኝታ ቤት ጠሩት። ከዚያ ወዲህ እትዬ ራሴን ብለው ተኝተው ነበር። ዓይናቸው አብጦ፣ ምግብ ሳይቀምሱ ሰነበቱ። ድንቢጥ ደጋግማ ሻይ አድርሳላቸው፣ ግንባራቸውን አሽታላቸው ነበር። እሳቸውም እጇን ይዘው አልለቅ ብለዋት ነበር።

አሁን ሁሉም ገባት። ተቆጥተው ነበር፣ አሰቡበት፣ ተሸነፉ። ዳኛው የሚመጡት ሽማግሌ ሊሆኑ ነው። ለምራት የሚሰጠው የሴት አያት ኩባያ ሆኖ ሳለ፣ የእትዬ እናት ኩባያም እዚያው ላይ ተደፍቶ ሳለ፣ እትዬ የገዛ ልጃቸውን ኩባያ ለእሷ መስጠታቸው ደግሞ ከምራትም በላይ ስለሚወዷት ነው። ድንቢጥ እንዲህ ብላ ተረጎመችው። ሰው ደስ ሲለው አስተርጓሚ አይቀጥርም።

ወንበር ላይ ቆማ ኩባያውን አወረደችው። ስሙን ማንም የማያውቀው ትንሽ ሐምራዊ አበባ ነው የተሳለበት። ቀና ስታደርገው ውስጡ እንደ እንቁላል ነጭ ነበር። የነካችው የራሷን ዕድል መሰላት።

*

ጠረጴዛውን ማሰናዳት ማለት ሙታንንም ሕያዋንንም መጥራት ማለት ነው። የጠረጴዛው ልብስ እትዬ ልጃገረድ ሳሉ የጠለፉት ነው። መሀሉ ላይ የሻይ እድፍ አለ፤ ባልየው ላግባሽ ብለው የጠየቁ ቀን እትዬ ደንግጠው ያፈሰሱት። እትዬ እድፉን እንዳይታጠብ ከልክለዋል፣ እንዲታይም አይፈልጉም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የስኳሩ ዕቃ እሱ ላይ ይቀመጣል። በራዱ የራሱ ክዳን የለውም። ክዳኑ ከሌላ በራድ የመጣ ነው፣ አይገጥምም፣ ሻይ ሲቀዳ በጣት መያዝ አለበት። የእትዬ ኩባያ ጽጌረዳ ነው። የፋርማሲስቱ የሱፍ አበባ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ተሸርፏል። የሸረፈው እሱ ነው፣ የተቆነጠጠችው ድንቢጥ ናት። ልጅ ሳሉ ለእረፍት መጥቶ ሲያጥበው ከእጁ አመለጠው፤ እሷ ነኝ አለች። ያን ጊዜ ሲያያት የነበረው ዓይን እስከ ዛሬ ጆሮ ግንዷን ያሞቃታል።

ለሐኪሟ ምን ይቀመጥ ብላ ስትጠይቅ፣ እትዬ ሳህኑን ብቻ አስቀምጪ፣ ኩባያውን እኔ አስብበታለሁ አሉ። ድንቢጥ በሆዷ ሳቀች። የጥርስ ሐኪም ሻይ አትጠጣ ይሆናል፤ ጥርስ ያበልዛል ይላሉ። ሙቅ ውሃ ይሰጧት ይሆናል አለች።

ልብሱን ስታነጥፍ ፋርማሲስቱ ገባ። ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። በደህና ቀን ቢሆን ጨርቁን ጎተት አድርጎ ወደሱ ያንገዳግዳት ነበር። ዛሬ እንደ በሽተኛ አንሶላ በጥንቃቄ ወጠረው።

"ምን ዋጥክ ኪኒን?" አለችው ቀስ ብላ። "ፊትህ መረረ።"

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ክራቫቱን ሲያስተካክል አየችው። ሙሽራ እንዲህ ነው፣ ይፈራል አለች ለራሷ፤ ደግሞም ወንድ ልጅ በእናቱ ፊት ደፋር አይሆንም። ዓይኑ ሐምራዊው ኩባያ ላይ ሲያርፍ ቆመ። አጠገቡ ሄዶ ወርቃማውን መስመር በጣቱ ዞረው።

"አቃናሽው" አለ።

እትዬ አቃኚ ብለዋት እንደሆነ ነገረችው። የሚለውን ጠበቀች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እማዬ ዛሬ የምትልሽን ሁሉ እሺ በይ" አላት። "ለእኔ ስትይ።"

"ዛሬማ እሺ ካላልኩ መቼ ልል ነው።"

ትክ ብሎ አያት። ሰው ባቡር ሲሄድበት እንደሚያየው ዓይነት ነበር አስተያየቱ፤ እሷ ግን የፍቅር ነው ብላ ወሰደችው። ሌላ ነገር ሊናገር ሲል ታላቋ ምራት ገባች። ይቺ ሴት የተቀመጠ ማንኪያ ካላንቀሳቀሰች አይሆንላትም፤ ስድስቱንም ማንኪያ በየተራ ወደ ግራ ገፋች፣ ቆይታ ወደ ቀኝ መለሰች፣ አሁን ቀና ሆነ አለች። ፋርማሲስቱ በዚህ መሀል ወጥቶ ሄዷል። ድንቢጥ የወጣበትን በር አየች። ለደስታም ሰው እንዲህ ይሸሻል እያለች ልቧን አባበለችው።

*

ዳኛው ደህና ዋላችሁ ሲሉ እንኳ ፍርድ የሚያነቡ ይመስላሉ። ልጃቸው ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን ዓይኑን የምታይ ሴት ናት። ባለፈው ዓመት የእትዬን ጥርስ የነቀለች እሷ ናት፤ እጇ ቀላል ነው፣ ነቅላ ጨርሳ ጀመርሽ ወይ አልኳት እያሉ እትዬ ስንት ጊዜ አውርተዋል። ድንቢጥ ይሄን ሁሉ ሙገሳ ለጥርስ ነው ብላ ነበር የምትሰማው።

ሁሉም ተቀመጡ። ድንቢጥም ተቀመጠች። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ስንት ዓመት አቧራውን ስታራግፍ ለስላሳ መሆኑን አላወቀችም ነበር። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ሥራ ያልያዘ እጅ አልለመደችም። ፊት ለፊቷ ፋርማሲስቱ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሐኪሟ፣ በሐኪሟ ፊት ባዶ ሳህን።

እትዬ ተነሱ። ወደ ቡፌው ሄደው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ከቀሩት መካከል የእናታቸውን ኩባያ አወረዱ። የሮማን አበባ ያለበት ነው። በመሐረባቸው ወልውለው፣ አቃንተው፣ ባዶው ሳህን ላይ አኖሩት።

"ይሄ የእናቴ ነው" አሉ። "ለታናሹ ልጄ ሚስት ብዬ ያስቀመጥኩት። ይኸው ዛሬ ባለቤቱን አገኘ።"

ድንቢጥ ቃሉን ሰማች፤ ትርጉሙ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው፤ እግሩን እየጎተተ። ታናሹ ልጅ ማነው ብላ እስከ መጠየቅ ደረሰች በሆዷ። ታላቋ ምራት እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የዳኛውን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው። ሐኪሟ አመሰገነች፣ አንገቷን ሰበረች። ድንቢጥ ፋርማሲስቱን አየችው። እሱ የስኳሩን ዕቃ እያየ ነበር፤ ስኳር እንዲህ የሚታይ ነገር እንዳለው እስከ ዛሬ አላወቀችም።

እትዬ ግን አልጨረሱም። ዞረው መጥተው ከድንቢጥ ወንበር ኋላ ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

"ዳኛ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ። እግዜር ሴት ልጄን ወስዶብኝ ነበር። ኩባያዋን በእጄ ደፍቼ ከአሁን በኋላ ለማንም አይቃናም ብዬ ነበር። ዛሬ ይኸው አቃናሁት። ይቺ ልጄ ናት። ለልጆቼም እህታቸው ናት።"

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቃት የኖረችው ቃል መጣች። በር በሩን ስታይ፣ ዛሬ ይሉኝ ይሆን ነገ ይሉኝ ይሆን ስትል የኖረችላት። መጣች፤ ስትመጣ ግን ቢላ ይዛ መጣች። ልጄ ባሏት ቁጥር እሱን እየቆረጡባት ነው። እህቱ ከሆነች ሌላ ምንም ልትሆነው አትችልም፤ ምስክሩም ተቀምጧል፣ ሻዩም ቀርቧል።

"በል እህትህን ቅዳላት" አሉት እትዬ።

ተነሳ። በራዱን አነሳ፣ የማይገጥመውን ክዳን በጣቱ ያዘ፣ ሐምራዊው ኩባያ ላይ ቀዳ። ድንቢጥ የምታየው እጁን ነው። አንዲት ጠብታ ሳህኑ ላይ ብትወድቅ፣ ጣቱ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ፣ እዚያው ይቅር ትለው ነበር። ሚዛን ላይ መድኃኒት እንደሚያፈስ ሰው አስተካክሎ ቀዳው።

"እንቺ፣ እህቴ" አላት።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅነት ያለ ፈቃድ አይሆንም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አሏት። ድንቢጥ አይሆንም ልትል ነበር። አይሆንም የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ትከሻዋ ላይ ያሉት እጆች ሲንቀጠቀጡ ተሰማት። የእሱ እጅ ያልተንቀጠቀጠውን ሁሉ የእናቱ እጅ ነበር የሚንቀጠቀጠው። እኚህ ሴት ተንኮል እየሠሩ እንደሆነ ታውቃለች፤ እየወደዷት እንደሆነም ታውቃለች፤ ሁለቱን መለየት አቃታት።

"እሺ" አለች።

እትዬ ጎንበስ ብለው አናቷን ሳሟት። ድንቢጥ የተሳመችበት ቦታ እንደ ትኩስ ማኅተም አቃጠላት።

*

ሻዩ ሲያልቅ ውሃ ላፍላ ብላ ወደ ወጥ ቤት ሸሸች። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያውን ጣደች፣ እሳቱን ሳትለኩስ ፊቱ ቆመች። ፋርማሲስቱ በራዱን ይዞ ተከተላት። በሩን ገርበብ አደረገው፤ መዝጋት እንኳ ፈራ።

"ነግሬያታለሁ ብዬሽ ነበር" አላት።

"ብለኸኝ ነበር። ምን ብለህ ነው የነገርካት?"

ሁሉንም ነው የነገርኳት አለ። እንደሚወዳት፣ ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ አንድም አላስቀረም። እናቱ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር፣ ለቁጣ መልስ ነበረው። አለቀሱ። ልጄን ሁለቴ አትቅበርብኝ አሉት። በሷ ጫማ ያሳደግኳትን፣ በሷ ማበጠሪያ ያበጠርኳትን ልጅ ሚስቴ ብለህ ከምታመጣብኝ እኔን ቅበረኝ አሉት። ምግብም ተዉ። እሱም አልቻለም፤ የዳኛውን ልጅ አግባ ሲሉት እሺ አለ።

"እኔ ግንባራቸውን ሳሽላቸው የነበረው ለዚህ ነው" አለች ድንቢጥ።

"ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ውጪ ከዚህ ቤት እንዳትልሽ ፈራሁ። እህቴ ብትሆኚ ቤቱ ቤትሽ ነው። ማንም አያስነሳሽም። በየቀኑ እንተያያለን።"

"ቤት ጠየቅኩህ?"

በራዱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

"እኔ አንተን ነበር የጠየቅኩህ። ቤት እንዲሆነኝ አንተን። የለም፣ አልችልም ብትለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን በገዛ እጄ ኩባያውን አስወረድከኝ። በገዛ አፌ እሺ አስባልከኝ። ለእኔ ስትይ አልከኝ።"

"ለአንቺ ብዬ ነው።"

"እኔን የእናትህን እንባ መጥረጊያ አደረግከኝ፤ ጠረግክብኝ፣ አሁን ደግሞ አጣጥፈህ ኪስህ ልትከተኝ ነው።"

በራዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እጁን ሊዘረጋ ሲል እሷ ወደ ኋላ አላለችም፤ ዝም ብላ እጁን አየችው። እጁ መሀል መንገድ ላይ ቀረና ወደ ክራቫቱ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ድንቢጥ አንድ ነገር ያየችው። ፊቱ ላይ ሐዘን አለ፤ ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። ጫማ ጠቦት ውሎ እንዳወለቀ ሰው ቀለል ብሎታል። ለራሱም የሚያምነው አይመስልም፤ እሷ ግን ፊቱን ስንት ጊዜ ምሳ እያበረደች ያጠናችው ነው፣ አትሳሳትም። ከሁሉ ነገር ይሄ ነበር አንጀቷን የቆረጠው። አጣሁት ያለችው ሰው ቀድሞም ግማሹ ብቻ ነበር የመጣው።

"ሂድ፣ ሚስትህ ሻይ ትጠብቃለች" አለችው። ድምጿ ተረጋግቶ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብላ የዋጠችው ነገር ሁሉ ሲወርድ መንገዱን እየፈጀው ነበር።

*

ውሃውን አፍልታ፣ በራዱን ሞልታ ተመልሳ ስትቀመጥ ጨዋታው ደርቶ ነበር። ዳኛው በሥራ ዘመናቸው ስለተከራከራቸው አንድ ቀጣፊ እያወሩ ታላቋን ምራት ያስቃሉ። እትዬ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ብስኩቱን ወደ ድንቢጥ ደጋግመው ይገፉላታል፣ ብዪ ልጄ፣ ከስተሻል ልጄ ይሏታል። የተጠራቀመውን ሁሉ ዛሬ ሊከፍሉ የቆረጡ ይመስላሉ። ፋርማሲስቱ የሁሉንም ኩባያ እየዞረ ሞላ። ወደ እሷ ሲደርስ በእጇ ሸፈነችው።

ሐኪሟ እስከዚህ ድረስ ብዙ አልተናገረችም። ዳኛው ታሪካቸውን ሲጨርሱ ወደ ድንቢጥ ዘወር አለች። እህት ኖሯት አያውቅም፣ በአባቷ ቤት ብቻዋን ነው ያደገችው፤ ዛሬ እህት ያለበት ቤት በማግኘቷ ደስ እንዳላት በዝግታ ነገረቻት። ይህን ስትል አታስመስልም ነበር። ድንቢጥ ልትጠላት ፈለገች፣ የምትጠላበት ቦታ አጣችባት። ይሄም ሌላ መከራ ነው፤ ሰው የሚጠላው ሰው ካጣ ምሬቱን የት ያስቀምጠዋል።

ከዚያ ሐኪሟ ሳቅ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ትንሽ ከፍ አደረገች።

"እናት ስለ ልጇ እውነቱን አትናገርም፤ እህት ግን ትናገራለች ይላሉ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ይሄ ወንድምሽ ቃሉን ይጠብቃል?"

ታላቋ ምራት ማንኪያዋን አነሳች። ዳኛው፣ ምስክርነት ነው፣ መማል አለባት ብለው ቀለዱ። ፋርማሲስቱ በራዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ወደ ድንቢጥ ያየው አስተያየት ልመና ነበር፤ ያኔ ኩባያው ከእጁ ያመለጠ ቀን ሲያያት እንደነበረው፣ አንቺ ነሽ በይልኝ የሚል። ያን ቀን ብላለት ነበር። ዛሬ ግን ማንም አይቆነጥጣትም፣ ዛሬ ቤተሰብ ናት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተጠየቀችውን የምትመልስ እህት ናት።

ሐኪሟን ዓይኗን አየቻት።

"ይጠብቃል" አለች ድንቢጥ። "እማዬ እስኪያለቅሱ ድረስ።"

ዳኛው ከት ብለው ሳቁ። እህት ማለት እንዲህ ናት፣ ወንድሟን በአደባባይ የማታሳጣ እህት ምኑን እህት ሆነች አሉ። ታላቋ ምራትም ሳቋ አመለጣት፣ ብስኩቱ ትን አላት። እትዬ መጀመሪያ እማዬ የምትለውን ሰምተው ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ቃል ሲደርሳቸው ብርሃኑ ከአፋቸው ጫፍ ጀምሮ እየጠፋ ሄደ፣ ዓይናቸው ላይ ሲደርስ ጨርሶ ጠፋ። ፋርማሲስቱ ክዳኑን የያዘበት ጣት ተፈታ። ሻዩ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። አሁን ገና እጁ ተንቀጠቀጠ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ድንቢጥን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ድንቢጥን። የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ የለመደች ሴት ናት። ከሮማን አበባው ኩባያ ላይ ቀስ ብላ እጇን አነሳች፤ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ድንቢጥ ሳቀች። ሁሉም ሲስቅ እህትም ትስቃለች። የወረወረችው ቃል የላከችበት ቦታ ሁሉ መድረሱን በየፊታቸው አየች፤ ዒላማ ከዚህ በላይ አይመታም። ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ሻዩ ጨርቁ ውስጥ ሰርጎ እስኪያልቅ ድረስ፣ ዳኛው ሌላ ታሪክ እስኪጀምሩ ድረስ ጠበቀች። ደስታው አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አሁንም እንደምትወደው አወቀች፣ ከነገ ጀምሮም በየቀኑ ጠዋት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ደህና አደርክ ወንድሜ ትለዋለች።